ሃሪኬን ሲመጣ ሰውን እንዴት እናስጠንቅቅ?

ሃሪኬን፣ ማለትም ሞቃት ውቅያኖስ ላይ የሚነሳ እጅግ ኃይለኛ የነፋስና የዝናብ ማዕበል፣ ድንገት ከተፍ የሚል አደጋ አይደለም። ገና ውቅያኖስ ላይ ሳለ ሳተላይት ያየዋል፣ አውሮፕላን መሀሉ ድረስ ገብቶ ይለካዋል፣ ባሕር ዳርቻ ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞም ይነገራል። እንዲህም ሆኖ ሰው ይሞታል። ከሚሞቱት መካከል ወሬውን ሰምተው «እስቲ ትንሽ እንየው» ያሉ ብዙ ናቸው።

ሰዎች ለማስጠንቀቂያ የሚሰጡትን ምላሽ ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊያኑ ዴኒስ ሚሌቲና ጆን ሶረንሰን ይህን በደንብ አሳይተዋል። ሰው «ውጣ» ስለተባለ ብቻ ብድግ ብሎ አይወጣም፤ መጀመሪያ ያጣራል። ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ለዘመድ ይደውላል፣ ሌላ ጣቢያ ይከፍታል፣ መንገዱን በመስኮት አይቶ ሌላው ሰው እየወጣ መሆኑን ይመለከታል። እናንተ ለዘመድና ለጎረቤት የምትደውሉት ስልክ የሚያስፈልገው በዚህ መሀል ነው። ዜናውን መድገም ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ የሚያምናችሁ ሰው እያመነታ ባለበት ሰዓት ስለ እሱ ቤት፣ ስለ እሱ መንገድና ስለ መውጫ ሰዓቱ መንገር ነው።

መጀመሪያ መረጃውን ከምንጩ መቅዳት

በአትላንቲክና በምሥራቅ ፓሲፊክ ለሚነሱ ሃሪኬኖች ዋናው ምንጭ ማያሚ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ነው። መግለጫ የሚያወጣው በየ6 ሰዓቱ ነው፤ ለባሕር ዳርቻ ማስጠንቀቂያ ከታወጀ በኋላ ደግሞ በመሀል ተጨማሪ ስለሚያወጣ በየ3 ሰዓቱ አዲስ መረጃ ይገኛል። ስለዚህ ጠዋት ያያችሁትን ካርታ ማታ ለሰው አትላኩ። ከላካችሁም መግለጫው የወጣበት ቀንና ሰዓት አብሮ መታየት አለበት፤ ከተቆረጠ ምስሉ ነገም ከነገ ወዲያም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሰው ያሳስታል።

ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ የመግለጫው ሰዓት፣ ለቦታው የታወጀው የማስጠንቀቂያ ደረጃ፣ ነፋሱ የሚጀምርበት ሰዓት፣ የሚጠበቀው የባሕር ሙላት (ነፋሱ ወደ የብስ የሚገፋው የባሕር ውሃ) ከፍታ፣ የአካባቢው አስተዳደር ያወጣው የመውጣት ትእዛዝ የትኛውን ቀጣና እንደሚመለከት። የመጨረሻው በብዛት ይረሳል። የሃሪኬን ማዕከሉ ትንበያ ይሰጣል እንጂ «ውጡ» ብሎ የሚያዘው የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ቀጣናዎቹም ብዙውን ጊዜ በፊደል ወይም በቁጥር ይለያሉ። የምትደውሉለት ሰው ቀጣናውን ላያውቅ ይችላል። አድራሻውን አስገብታችሁ እናንተ ፈልጉለት።

የማስጠንቀቂያ ደረጃዎቹ ሁለት ናቸው። «ሃሪኬን ዋች» የሚታወጀው በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ነፋስ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ሰዓት 48 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ ሃሪኬን ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «ሃሪኬን ዋርኒንግ» 36 ሰዓት ሲቀር ይታወጃል፤ ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል ማለት ነው። የሰዓቱ ልክ ከ63 ኪሎ ሜትሩ ነፋስ ጋር የታሰረው በምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላ መስኮት ላይ ጣውላ መምታት፣ መሰላል መውጣት፣ ረጅም ድልድይ ማቋረጥ አደገኛ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን የሚቆጥረው የማዕበሉ ዓይን (ጸጥ ያለው መሀሉ) እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ነው። በዚህ ስሌት ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይባክናል።

ማዕከሉ ይህ ነፋስ የሚደርስበትን ጊዜ የሚያሳዩ ሁለት ካርታዎች ያወጣል፤ አንዱ ሊሆን የሚችለውን ሰዓት፣ ሌላው ቀደም ቢል የሚደርስበትን ሰዓት ያሳያል። ለሰው የምትነግሩት ሁልጊዜ ቀደም ያለውን ነው።

እየሰፋ የሚሄደውን ነጩን የመንገድ ካርታ ግን በጥንቃቄ ያዙት። የሚያሳየው የማዕበሉ መሀል ሊያልፍበት የሚችለውን ክልል ብቻ ነው፤ መሀሉ እዚያ ውስጥ የሚቆየውም ከሦስት ጊዜ በሁለቱ ያህል ነው። የማዕበሉን ስፋት አያሳይም። ነፋሱ፣ ዝናቡና የባሕር ሙላቱ ከመሀሉ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀው ሊመቱ ይችላሉ። «እኛ ከመስመሩ ውጭ ነን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ካርታውን አስቀምጡና ለእሱ ወረዳ የወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብቡለት።

ሌላው ወጥመድ ከ1 እስከ 5 የሚሄደው የሃሪኬን ጥንካሬ ደረጃ ነው። እሱ የሚለካው ነፋስ ብቻ ነው፤ ደረጃ 1 በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ ደረጃ 5 ከ252 ኪሎ ሜትር። ስለ ውሃ የሚናገረው ነገር የለም፤ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ካትሪና የተባለችው ሃሪኬን እ.ኤ.አ. በ2005 የብስ ላይ ስትደርስ ደረጃ 3 ነበረች፤ በሚሲሲፒ ጠረፍ ላይ የገፋችው ባሕር ግን 8.5 ሜትር ገደማ ደርሷል። ሃርቪ በ2017 ቴክሳስ ገብቶ ነፋሱ ከደከመ በኋላ ለቀናት እዚያው ተንዣቦ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያወረደበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ሰው «ስንት ደረጃ ነው?» ሲላችሁ ቁጥሩን ንገሩትና «አንተ ጋ ግን የሚያሰጋው ውሃው ነው፤ ይህን ያህል ሜትር ይገባል ተብሏል» ብላችሁ ቀጥሉ።

ሰዓቱን ወደ ኋላ መቁጠር

ነፋሱ ሐሙስ ማታ 12 ሰዓት ይጀምራል እንበል። ዋች የሚታወጀው ማክሰኞ ማታ ነው። የሰው እርዳታ ለሚፈልጉ የሚደወለው ያኔውኑ ማክሰኞ ማታ ነው፤ መኪና የሚያመጣ፣ ሐኪም የሚያነጋግር፣ መጠለያ የሚያስመዘግብ ሰው ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። መኪና ያላቸው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሐሙስ ረፋድ ላይ ገና ያልወጣ ሰው ካለ የቀረው ምርጫ ቅርብ ያለ መጠለያ ነው እንጂ ሩቅ ጉዞ አይደለም። ነዳጅ ማደያዎች የሚደርቁት ከሁሉ ቀድመው ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ስልካችሁ ላይ «ዛሬውኑ ታንክህን ሙላ» ማለትን አትርሱ።

እነዚህም ሰዓቶች ቢሆኑ ሊያጥሩ ይችላሉ። በኦክቶበር 2023 ኦቲስ የተባለው ማዕበል ገና ሃሪኬን እንኳ ካልተባለበት ተነስቶ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ደረጃ 5 ደርሶ የሜክሲኮዋ አካፑልኮ ላይ ወደቀ። «ትንሽ ማዕበል ነው» የተባለው ሞቅ ባለ ባሕር ላይ ካለ ወደ መኝታ ከመሄዳችሁ በፊት የመጨረሻውን መግለጫ አንብቡ፤ በሌሊት ለሚነሳውም ሰው ተራ አውጡ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ራሱን የቻለ አደጋ አለ፤ እሱም የሰዓት አቆጣጠር ነው። «8 ሰዓት ላይ ውጡ» ብላችሁ ብትጽፉ አንዱ ከቀኑ 8 ሰዓት ይለዋል፣ ሌላው ስልኩ ላይ ያለውን 8 ቁጥር ይጠብቃል። የስድስት ሰዓት ልዩነት በዚህ ጊዜ ሰው ያስበላል። ሁልጊዜ ሁለቱንም ጻፉ፦ «ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ስልካችሁ ላይ 2:00 ፒኤም»። ቀኑን በዕለት ስም ጻፉት፤ በወር ቀን ከጻፋችሁ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ግራ ያጋባል። «ዛሬ» እና «ነገ» የሚሉትንም አስወጡ፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ መልእክቱ በማግስቱ ሊደርስ ይችላልና።

ለማን ይቀደም?

ለመውጣት ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሰው መጀመሪያ ይደወልለታል። ኦክስጅን ላይ ያለ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ መኪና የሌለው ቤተሰብ፣ በሞባይል ሆም (ተጎትቶ የሚመጣ ቀላል ቤት) የሚኖር፣ ጀልባ ላይ ወይም ድንኳን ውስጥ ያለ። እጥበት ለሚያደርግ ሰው የምትነግሩት መጀመሪያ ከተማውን እንዲለቅ ሳይሆን ወደ ማዕከሉ ደውሎ ቀጠሮውን እንዲያስቀድም ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ እጥበት የሚያገኝበት ቦታ ላይኖር ይችላል። ሞባይል ሆም ውስጥ ያለ ሰው ከባሕር ቢርቅም ይወጣል፤ ነፋሱ ራሱ ይገለብጠዋልና።

ሌሎች የሚረሱ አሉ። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ስልኩ ዝም ተደርጎ ነው የሚያድረው፤ በሩን ማንኳኳት ያስፈልጋል። አዲስ መጥቶ የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመደ ሰው ስልኩ ላይ የጮኸውን ማስጠንቀቂያ ምንነቱን ሳያውቅ ሊያጠፋው ይችላል። መስማት የተሳነው ሰው የሚነበብ ጽሑፍ ይፈልጋል። የሆቴል እንግዳ ደግሞ የት ቀጣና ላይ እንዳለ አያውቅም።

ሥራውን ተካፈሉት። አንድ ሰው አምስት ቤት ይያዝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መልሶ ለማጣራት ጊዜ አይኖረውም። ስምና ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋል። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ነገር ይመዝገብ፦ ሰምቷል? ወጥቷል? ደርሷል? «መልእክት ልኬለታለሁ» የሚለው ከሦስቱ አንዱንም አይሞላም።

ምን ይባላል?

ጥሩ ማስጠንቀቂያ አምስት ነገር አለው፦ ማን እንዳለው፣ ምን እንደሚመጣ፣ የት እንደሚመታ፣ እስከ መቼ መነሳት እንደሚገባ፣ ምን መደረግ እንዳለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሰውየው የጎደለውን ሲፈልግ ሰዓት ያልፋል። «ከባድ ማዕበል እየመጣ ነው፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ፣ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ» የሚለው መልእክት ከልብ የመጣ ነው፤ ግን ምን ላድርግ ለሚለው መልስ የለውም። እንዲህ ቢባል ይሻላል፦

«እማማ፣ እንደምን አሉ? የከተማው አስተዳደር እርስዎ ያሉበትን ቀጣና ውጡ ብሏል። ባሕሩ ሰፈርዎ ውስጥ እስከ 3 ሜትር ይገባል ተብሏል፤ ያ ማለት ከምድር ቤትዎ ጣሪያ በላይ ነው። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በስልክዎ 2:00 ፒኤም፣ እኔው መኪና ይዤ እመጣለሁ። መድኃኒትዎን፣ መነጽርዎን፣ መታወቂያዎንና የሦስት ቀን ልብስ በአንድ ሻንጣ ያድርጉልኝ። አሁን ያልኩትን እስቲ መልሰው ይንገሩኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን ከሁሉ የምናስበልጠው እሱን ነው። «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» ያለ ሰው ቀኑን አሳስቶ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ መልሶ ሲናገር ግን ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

የውሃውን ከፍታ በሚታይ ነገር ንገሩ። መግለጫው ላይ «ከመሬት በላይ 3 ሜትር» ሲባል በአዘቦቱ ደረቅ ከሆነው መሬት በላይ ማለት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል፤ ያ ክብደት እየተመላለሰ ግድግዳ ይመታል። በ2005 ከካትሪና አንድ ቀን በፊት በሉዊዚያና፣ ስላይዴል የአየር ትንበያ ቢሮ የነበረው ሮበርት ሪክስ ያወጣው መግለጫ ዛሬም የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው፤ በነፋስ ቁጥር ፋንታ ጣሪያና ግድግዳ እንደሚፈርስ፣ አብዛኛው አካባቢ ለሳምንታት ሰው የማይኖርበት እንደሚሆን፣ ውሃ እንደሚቸግር በግልጽ ጻፈ።

የስልክ አጭር መልእክት ላይ ደግሞ ቁጥር አለ። በግእዝ ፊደል የሚላክ አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅም አንዱ ክፍል ደርሶ ሌላው ሊቀር ይችላል። «ካልሆነ በቀር አትውጡ» ተቆርጦ «አትውጡ» ብቻ ቢደርስ አስቡት። ይህ ለምሳሌ ከ70 በታች ነው፦

«ረቡዕ ከመጨለሙ በፊት ውጡ። ባሕሩ 3 ሜትር ይገባል። ወደ ትምህርት ቤቱ መጠለያ። ሰማሁ በሉኝ።»

ኔትወርክ ሲደክም ጥሪ እምቢ ቢልም ኤስኤምኤስ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ እየደጋገማችሁ ከመደወል አንዴ ጻፉ። የድምፅ መልእክት ማንበብ ለማይችሉ ይጠቅማል፤ ስትቀዱት ግን ከሰላምታው በፊት ዕለቱንና ሰዓቱን ተናገሩ፣ ከ30 ሴኮንድም አይብለጥ። ማን እንዳነሳው የማይታወቅ ቪዲዮ አታስተላልፉ። አንድ ጊዜ የሌላ ዓመት ጎርፍ እንደ ዛሬ አድርጎ የላከ ሰው፣ ቀጥሎ እውነቱን ሲልክ የሚያምነው አያገኝም።

መብራትና ስልክ በሌለበት

ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ያለው በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ነው፤ እዚያ ይኸው ዓይነት ማዕበል ሳይክሎን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970 የቦላ ሳይክሎን ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ባንግላዴሽ በ1972 የሳይክሎን ዝግጁነት ፕሮግራም አቋቋመች። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች አሉት፤ መሣሪያቸው የእጅ ድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና ባንዲራ ነው። አደጋው እየተቃረበ ሲሄድ የሚሰቀለው ባንዲራ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ይጨምራል። ማንበብ የማይችልም ከሩቅ ቆጥሮ ይረዳዋል። ከበጎ ፈቃደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ እቤት ያሉ እናቶች ዘንድ ገብቶ ለማነጋገር ይህ ወሳኝ ነው።

በድምፅ ማጉያ የምትዞሩ ከሆነ መልእክቱ 20 ሴኮንድ ገደማ ይሁን፤ መኪናውን አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ሁለት ጊዜ ድገሙትና እለፉ። እየነዱ መናገር ለአንዱ ቤት መጀመሪያውን፣ ለሌላው መጨረሻውን ብቻ ያሰማል። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ሆነ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ጥሩ ነው፤ ደወሉ ምን ማለት እንደሆነ ግን አስቀድሞ ካልተነገረ ሰው ለማጣራት ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ አይሸሽም።

«አልወጣም» ሲል

አትከራከሩ፤ ምክንያቱን ጠይቁ። የሚናገረው ምክንያትና እውነተኛው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ቤቴ ጠንካራ ነው» የሚለው የሚተውበት ያጣ ውሻ ሊኖረው ይችላል። ገንዘብ የሌለው ሰው ደግሞ «አልፈራም» ይላል። ውሻውን የሚቀበል መጠለያ ፈልጉለት፣ መኪና አገናኙት፤ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

«ባለፈው የከፋው መጥቶ ምንም አልሆንኩም» ለሚለው እውነተኛ መልስ አለ። የሚሲሲፒ ጠረፍ በ1969 ደረጃ 5 በነበረው ካሚል ተመትቶ ነበር። በ2005 ብዙ ሰው «ካሚልን ያለፈ ቤት ነው» ብሎ ቀረ፤ የካትሪና ውሃ ግን በብዙ ቦታ ካሚል ካደረሰው አልፎ ገባ። ባለፈው የደረሰው ውሃ የዛሬውን አይለካም፤ የማዕበሉ ስፋት፣ የሚመጣበት አቅጣጫና ባሕሩ በየዕለቱ ከሚሞላበት ሰዓት ጋር መግጠሙ ነገሩን ይለውጠዋል።

በፍጹም እምቢ ካለም አትቆጡ፤ ጥሪውን ክፍት ተዉት። የቅርብ ዘመዱን ስምና ስልክ፣ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቃችሁ ጻፉ። በ2017 ሃርቪ ሲቃረብ የቴክሳሷ ሮክፖርት ከተማ ባለሥልጣን ለሚቀሩ ሰዎች ስማቸውን በማይለቅ ቀለም ክንዳቸው ላይ እንዲጽፉ ነግረው ነበር። ይህ ጥያቄ ሳይጮህ ነገሩን ያስረዳል። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ደውሉ፤ ያን ጊዜ ጎረቤቱ ወጥቶ ያየ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

በሌላ በኩል መውጣት የሌለበትን ሰው አታስወጡ። ካትሪና ካለፈች ወር ሳይሞላ ሪታ ስትመጣ ከሂዩስተን አካባቢ እጅግ ብዙ ሰው ባንዴ ወጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ሙቀቱ በረታ፣ ነዳጅ አለቀ። በቴክሳስ ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት በጉዞው ነው። የሚሸሸው ከውሃ ነው፤ ከነፋስ ግን በጠንካራ ቤት መጠለል ይቻላል። ከቀጣናው ውጭ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ በጥሩ ቤት ላለ ሰው «ባለህበት ቆይ፣ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ውሃ ያዝ፣ ዘመድህን ተቀበል» ማለት ትክክለኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ለመውጣትም ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አያስፈልግም፤ ከሙላቱ ቀጣና ያለፈ የመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ ይበቃል።

ነፋሱ ከጀመረ በኋላ

ከዚህ ሰዓት ጀምሮ «ውጡ» የሚለውን መልእክት አቁሙ። በስልክ የመልእክት ቡድናችሁ ውስጥ ያለውን የቀድሞ መልእክት አጥፉና አዲሱን ላኩ፦ መስኮት በሌለው ውስጠኛ ክፍል ሁኑ፤ ውሃ ከገባ ወደ ላይ ፎቅ ውጡ፤ መውጫ ቀዳዳ በሌለው ጣሪያ ሥር ግን አትግቡ፣ ውሃው እዚያ ይዘጋባችኋል። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለ ዓይኑ እያለፈ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ከተቃራኒው አቅጣጫ በኃይል ይመለሳል። በዚያ ጸጥታ ጣሪያ ለመጠገን የወጡ ሰዎች ሞተዋል። በሚፈስ ውሃ ውስጥ አትንዱ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ብዙ መኪኖችን ያንሳፍፋል።

ወደ ውስጥ አገር ላሉትም ያን ጊዜ ደውሉ። በሴፕቴምበር 2024 ሄሊን ፍሎሪዳ ገብቶ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ግን መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀው በሰሜን ካሮላይና ተራሮች በጎርፍና በመሬት መንሸራተት አለቁ። ወንዝ ዳር ወይም ገደል ሥር ያለ ዘመድ ካላችሁ የባሕር ዳርቻ ሰው ያህል ያሰጋዋል።

ማዕበሉ አቅጣጫ ከቀየረ በግልጽ ንገሩ፦ «ትላንት እናንተ ጋ ይመታል ብለን ነበር፤ የረቡዕ ጠዋቱ መግለጫ ወደ ምሥራቅ ዞሯል ይላል፤ የመውጣት ትእዛዙ ግን አልተነሳም።» ምክንያቱን ያልሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁን አያነሳም።

ካለፈ በኋላ አንድ መልእክት ይቀራል፤ እሱም በአብዛኛው ሳይላክ ይቀራል። ጄኔሬተር ቤት ውስጥም፣ ጋራዥም፣ በረንዳም ላይ አይነሳም፤ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ያለ ውሃ አይረገጥ። አስተዳደሩ ግቡ ሳይል አይመለስ። ከዚያ ወረቀታችሁን አውጡና «ደርሷል?» የሚለው ያልተሞላባቸውን ስሞች አንድ በአንድ ደውሉ፤ መልስ የጠፋበትን ስም፣ አድራሻና ቤት ውስጥ የነበሩትን ሰዎች ቁጥር ለነፍስ አድን ሠራተኞች ስጡ።